በቡና አገር የፀረ-ተባይ ጥንቃቄ፦ ማላታይንና ዘመዶቹ እንዴት ይሠራሉ?

በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ወረዳዎች፣ በጎማም ሆነ በማና፣ በጌራም ሆነ በሰቃ ጮቆርሳ፣ የአንድ አርሶ አደር ይዞታ በአንድ ሰብል ብቻ የሚወሰንበት ጊዜ ጥቂት ነው። በጥላ ዛፍ ሥር ቡና፣ ከቡናው ጎን ጫት፣ ዝቅ ብሎ በቆሎ፣ በዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ የንብ ቀፎ ይገኛል። ቡናው በአብዛኛው ኬሚካል ሳይነካው የሚያድግ ነው። ጫቱና በቆሎው ግን ተባይ ሲበረታባቸው ይረጫሉ። ከርጭቱ የተረፈው ፈሳሽ፣ የመርጫው መሣሪያና ባዶው ጀሪካን ተመልሰው የሚገቡት ጀንፈሉ፣ የቤተሰቡ እህልና የልጆች መኝታ ወዳለበት ወደዚያው ቤት ነው።

ጉዳዩ የገጠሩ ብቻ አይደለም። በጅማ ከተማ በአወቱ መንደራም ሆነ በሌሎች ቀበሌዎች የሚኖረው ነዋሪ ጫቱን፣ ጎመኑንና ቲማቲሙን የሚሸምተው ከእንዲህ ያሉ ማሳዎች ነው። ለትኋንና ለቁንጫ ማጥፊያ በሚል በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ስም የለሽ ፈሳሽ ወደ መኝታ ቤት ሊገባ ይችላል። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የአወቱ ወንዝም በዳርቻው የታጠበውን ሁሉ ይዞ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል።

በአገሪቱ ገበያ በስፋት ከሚታወቁት ፀረ-ነፍሳት መካከል በተለምዶ “ማላታይን” የሚባለው ማላታዮን፣ ዳያዚኖን፣ ክሎርፓይሪፎስ፣ ዳይሜቶኤትና ፕሮፌኖፎስ ይገኙበታል። ስማቸውና እሽጋቸው ቢለያይም ኦርጋኖፎስፌት የሚባል የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ነፍሳትን የሚገድሉበት መንገድ ሰውን ከሚመርዙበት መንገድ ጋር አንድ ነው። ይህን መንገድ የተረዳ ሰው በእሽጉ ላይ የተጻፉት የጥንቃቄ ትእዛዞች ለምን እንደተሰጡ ይገባዋል።

የቤተሰቡ ታሪክ

ኦርጋኖፎስፌቶች ፎስፈረስ የተባለውን ንጥረ ነገር ከካርቦን ውህዶች ጋር በማጣመር በፋብሪካ የሚሠሩ ኬሚካሎች ናቸው። ለፀረ-ነፍሳትነት መዋል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጌርሃርድ ሽራደር የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት የሰብል ተባይ ማጥፊያ ሲፈልግ ባደረጋቸው ሙከራዎች ነው። ያው ምርምር በ1936 ታቡን የተባለውን ለጦርነት የተዘጋጀ የነርቭ መርዝ አስገኘ። ለእርሻ የሚሸጡት ዓይነቶች ከእነዚህ የጦር መርዞች እጅግ የደከሙ ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ተመሳሳይ ነው።

ማላታዮን እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ላይ ሲውል ቀድሞ ከወጣው ፓራታዮን ይልቅ ለሰው የማይከፋ በመሆኑ ተወደደ። በኢትዮጵያም አዳሚ ቱሉ የሚገኘው የፀረ-ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካ ማላታዮንን፣ ዳያዚኖንንና ዳይሜቶኤትን ለገበሬው አዘጋጅቶ በማቅረብ ለዓመታት ይታወቃል።

ጥቅማቸው የሚካድ አይደለም። መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ ወደ ሌሎች የበቆሎ አብቃይ አካባቢዎች በተስፋፋ ጊዜ፣ ከለቀማው ጎን ለመከላከያነት የዋሉት ኬሚካሎች በርካታዎቹ ከዚሁ ቤተሰብ ነበሩ። በጎተራ ያለን በቆሎ ከነቀዝ ለመጠበቅ የማላታዮን ዱቄት ወይም አክቴሊክ በሚል ስም የሚታወቀው ፒሪሚፎስ-ሜቲል ይነሰነሳል። ዳያዚኖን በከብት ላይ የሚገኝን መዥገር ለማጥፋት ውሏል። ፒሪሚፎስ-ሜቲል በሠለጠኑ ሠራተኞች እጅ ለወባ መከላከያ የቤት ውስጥ ርጭትም አገልግሏል። እያንዳንዱ ዝግጅት ግን ለተወሰነ ዓላማ የተመጠነ ስለሆነ፣ ለሰብል የተዘጋጀው ለአልጋ፣ ለልጅ ራስ ቅማል ወይም ለከብት ቆዳ አይሆንም።

በሰውነት ውስጥ የሚያደርጉት ምንድን ነው?

አንድ ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል እንደ መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው ትእዛዙን ካደረሰ በኋላ ወዲያው መወገድ አለበት። የማስወገዱን ሥራ የሚሠራው ኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ መልእክተኛውን ሲያፈርሰው ጡንቻው ይላላል፣ ዕጢው ማመንጨቱን ያቆማል፣ ነርቩም ለሚቀጥለው ትእዛዝ ይዘጋጃል።

ኦርጋኖፎስፌት በዚህ ኢንዛይም ላይ ተጣብቆ ሥራውን ያስቆመዋል። መልእክተኞቹ ትእዛዛቸውን አድርሰው ከደጃፍ የሚያነሣቸው ያጣሉ። ትእዛዙም ያለማቋረጥ ይደጋገማል። ዕንባ፣ ምራቅና ላብ ይጎርፋሉ፤ ሆድ ይቆርጣል፤ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፤ ጡንቻ ይርገበገባል፣ ከዚያም ይዝላል። ሕይወት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የአየር ቧንቧዎች በፈሳሽ ሲሞሉና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሲደክሙ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የታሰረው ኢንዛይም ቶሎ አይተካም። በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ያለው ኮሊንኤስተሬዝ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ አዳዲስ ሕዋሳት እስኪፈጠሩ ድረስ ወራት ሊወስድበት ይችላል። ዛሬ ረጭቶ ምንም ያልተሰማው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሲረጭ የሚጀምረው ከተቀነሰ መጠን ነው። በሦስተኛው ርጭት ያሳመመው መጠን በመጀመሪያው ቀን ያላሳመመው ያው መጠን ሊሆን ይችላል። “እኔ ለምጄዋለሁ” የሚለው አነጋገር በዚህ ኬሚካል ዘንድ ትክክል አይደለም። ሰውነት እየለመደ ሳይሆን መከላከያው እየተሟጠጠ ነው።

ማላታይን “ቀላል” የሚባለው እስከምን ድረስ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ-ተባዮችን በአጣዳፊ መርዛማነታቸው ሲመድብ ማላታዮንን በሦስተኛው፣ ማለትም “በመጠኑ አደገኛ” በሚባለው ክፍል አስቀምጦታል። ዳያዚኖን፣ ክሎርፓይሪፎስ፣ ዳይሜቶኤትና ፕሮፌኖፎስ በሁለተኛው ክፍል ያሉና የባሱ ናቸው። በብዙ እሽጎች ግርጌ የሚታየው የቀለም መስመር ይህንኑ ይናገራል፤ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ ሁለተኛው ክፍል፣ ሰማያዊ ሦስተኛው፣ አረንጓዴ ደግሞ በትክክል ከተያዘ አጣዳፊ አደጋው አነስተኛ የሆነ ማለት ነው።

ማላታዮን ለሰው የቀለለው በአንድ ምክንያት ነው። ኬሚካሉ እንዳለ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ማላኦክሰን ወደተባለ ቅርጽ ተለውጦ ነው የሚመርዘው። በሰው ጉበትና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ካርቦክሲልኤስተሬዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም ማላታዮኑን አብዛኛው ወደ መርዝነት ሳይለወጥ በፊት ይሰባብረዋል። ብዙዎቹ ነፍሳት ይህ መከላከያ በበቂ መጠን ስለሌላቸው ይሞታሉ። የሰው ደኅንነት የተንጠለጠለው በዚህ መከላከያ ላይ ሲሆን፣ በገበሬው ቤት በሚደረጉ ሁለት ነገሮች ሊፈርስ ይችላል።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ማላታዮን በሞቃት መጋዘን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከፊሉ አይሶማላታዮን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። አይሶማላታዮን ደግሞ ራሱን ካርቦክሲልኤስተሬዝን ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን ወባን ለመከላከል ማላታዮን ሲረጩ ከነበሩት 7 ሺህ 500 ያህል ሠራተኞች መካከል 2 ሺህ 800 ያህሉ እንደተመረዙ ተገምቷል፤ 5ቱ ሞተዋል። በምርመራ የተገኘው መንስኤ በዝግጅቱና በአከመቻቸቱ ጉድለት የተፈጠረው አይሶማላታዮን ነበር። በሠራተኞቹ እጅ የነበረው ዕቃ “ማላታዮን” የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ በውስጡ የያዘው ግን በጽሑፉ ላይ ከተመለከተው የከፋ ነበር። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በፀሐይ ፊት ለፊት ተደርድሮ ዓመታት ያስቆጠረ ማላታይንም ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ሊገዛ አይገባም።

ሁለተኛው መቀላቀል ነው። “አንዱ ካልገደለው ሁለቱ ይገድሉታል” በሚል ሁለትና ሦስት ፀረ-ነፍሳትን በአንድ መርጫ ማዋሐድ በጫት ማሳ የተለመደ ድርጊት ነው። ሁለት ኦርጋኖፎስፌቶች ሲቀላቀሉ አንዱ ማላታዮንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ሊያስረው ይችላል። በዚህ ጊዜ ጉዳቱ የሁለቱ ድምር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ከድምሩም ሊበልጥ ይችላል። ይህ እርስ በርስ የማባባስ ጠባይ በሳይንስ ከታወቀ ከ60 ዓመታት በላይ ሆኖታል። በተባዩ በኩልም ጥቅሙ አጠራጣሪ ነው፤ ሁለቱ የሚመቱት አንድኑ ኢንዛይም ስለሆነ አንዱን የተቋቋመ ተባይ ሌላውንም የመቋቋም ዕድል አለው።

ከአጣዳፊው መመረዝ ሌላ ረጅሙ ጉዳትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ማላታዮንንና ዳያዚኖንን በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድል አላቸው ተብለው ከሚታሰቡት ክፍል መድቧቸዋል።

የፈሳሹ ጠባይ

ንጹሕ ማላታዮን የማር ወለላ የመሰለ ቀለምና ነጭ ሽንኩርትን የሚያስታውስ ሽታ ያለው፣ ከውኃ የከበደ ፈሳሽ ነው። በውኃ የሚሟሟው በጥቂቱ ብቻ ነው። ስለሆነም በፋብሪካ ከነዳጅ ዘር ፈሳሽና ከአዋሐጅ ጋር ይደባለቃል። በእሽጉ ላይ “50% ኢሲ” የሚለው ጽሑፍ ከፈሳሹ ግማሹ መርዙ መሆኑንና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ወተት መስሎ የሚበጠበጥ ዝግጅት መሆኑን ያመለክታል። ወተት መምሰሉ ራሱ አደጋ ነው። ማንም ልጅ በኩባያ ያገኘውን ነጭ ፈሳሽ ሊቀምስ ይችላል።

ያው የነዳጅ ዘር ፈሳሽ መርዙ በቆዳ በኩል እንዲገባ ይረዳዋል። ቆዳ ሁሉ እኩል አይከላከልም፤ በጉያ አካባቢ ያለው ቆዳ ከክንድ ቆዳ ብዙ እጥፍ ያሳልፋል። ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ወገብንና መቀመጫን ሲያረጥብ፣ ገበሬው ፊቱን ቢሸፍንም ከፍተኛው መጠን በጀርባው በኩል ይገባል። ቆዳ አለመቃጠሉና አለማሳከኩ ምንም አልገባም ማለት አይደለም። ላብና ሙቀትም መግባቱን ያፋጥኑታል።

ኦርጋኖፎስፌቶች እንደ ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ለዐሥርት ዓመታት አይቆዩም። የሚፈርሱበት ፍጥነት ግን እንደ ሁኔታው ይለያያል። ማላታዮን እንደ አመድና ሳሙና ባለ አልካላይን ነገር ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል፤ በአሲዳማ አካባቢ ግን ይዘገያል። የተበከለ እጅ በሳሙና በደንብ መታጠብ ያለበት፣ የፈሰሰ ኬሚካልም አመድ ወይም ደረቅ አፈር ተነስንሶበት መነሣት ያለበት ለዚህ ነው።

ቡናውን የሚያሰጋው ከየት ይመጣል?

የኢትዮጵያ ቡና በኬሚካል ርጭት ላይ አለመመሥረቱ የአጋጣሚ ውጤት ብቻ አይደለም። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገሪቱ በታየ ጊዜ፣ መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎችን ከአገሪቱ ቡና መርጦ ለገበሬው አደረሰ። ገበሬውም በየዓመቱ ፀረ-ፈንገስ የመርጨት ግዴታ ሳይወድቅበት ቀረ።

ይሁን እንጂ ያልተረጨ ቡና ሊበከል እንደሚችል አገሪቱ በከባድ ዋጋ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ከዋና ገዢዎች አንዷ የነበረችው ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት በማግኘቷ ግዢዋ አሽቆለቆለ። የተገኙት ኬሚካሎች ከሌላ፣ ኦርጋኖክሎሪን ከሚባለው ቤተሰብ ነበሩ። ጥርጣሬው ያረፈው ግን በቡናው ማሳ ላይ ሳይሆን ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር።

ገበያው ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ጠብቋል። የአውሮፓ ኅብረት የክሎርፓይሪፎስን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ሳያድስ ቀርቶ በምርቶች ላይ የሚፈቀደውን ቅሪት በኪሎ ግራም ወደ 0.01 ሚሊ ግራም አወረደው። በ2025ም ክሎርፓይሪፎስ ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች ጋር እንዲወገድ በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

0.01 ሚሊ ግራም ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። 48% ክሎርፓይሪፎስ ከያዘ ዝግጅት አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ማለትም ሃያ ጠብታ ያህል፣ 480 ሚሊ ግራም መርዝ ይዟል። ይህ በእኩል ቢሠራጭ 48 ሺህ ኪሎ ግራም ቡናን፣ በ60 ኪሎ ጆንያ ሲሰላ 800 ጆንያን፣ እስከ ወሰኑ ጫፍ ለማድረስ የሚበቃ ነው። ጀሪካን የተቀመጠበት ወለል ላይ የተዘረጋ ጆንያ፣ ጫት በተረጨበት ልብስ የተለቀመ እሸት፣ ከሚረጭ ማሳ አጠገብ በነፋስ አቅጣጫ የተተከለ የቡና ማድረቂያ አልጋ የአንድን ገበሬ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር የተደባለቀውን የማኅበሩን ሁሉ ቡና ለአደጋ ያጋልጣሉ።

ከግዢ እስከ ባዶ ጀሪካን

በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ በአገሪቱ ለሽያጭ ሊቀርብ አይችልም። ገዢው ፋብሪካው ያሸገውን፣ ጽሑፉ የሚነበብና የአገልግሎት ዘመኑ ያላለፈ ዕቃ ብቻ ከተፈቀደለት ነጋዴ ሊገዛ ይገባል። ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ የተገለበጠ ፈሳሽ ስሙ፣ መጠኑና ማርከሻው አብረውት ጠፍተዋል። ለአንድ ወቅት ከሚበቃው በላይ መግዛትም የቤት ውስጥ መጋዘን ከመክፈት አይለይም።

ማስቀመጫው ከመኝታ፣ ከማድ ቤት፣ ከእህልና ከቡና የራቀ፣ ጥላ ያለበትና የሚቆለፍ ሣጥን መሆን አለበት። ቁልፉ ልጅን ብቻ የሚጠብቅ አይደለም። በኀዘን ወይም በጠብ ሰዓት አእምሮው የጨለመበትን የቤተሰብ አባልም ይጠብቃል። ያ የጭንቅ ሰዓት አልፎ ሰው ወደ ልቡ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ መርዙ በእጅ አለመገኘቱ ብቻ ነፍስ ያተርፋል።

በሚበጠበጥበት ጊዜ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ ገና ያልቀጠነው መርዝ የሚነካው ያኔ ነውና። የጎማ ጓንት ማድረግ፣ ደጅ ላይ በእንጨት ማማሰልና የወጥ ቤት ዕቃን አለመጠቀም ያስፈልጋል። መጠኑ የሚወሰነው በእሽጉ ጽሑፍ እንጂ በተባዩ ብዛት ወይም በገበሬው ንዴት አይደለም።

ርጭቱ ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ነፋስ ሲረጋ፣ ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ ይከናወናል። እጀ ረጅም ልብስ፣ ከቦቲ ጫማ በላይ የሚወርድ ሱሪ፣ መነጽርና በጀርባና በመርጫው መካከል የሚደረግ ፕላስቲክ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በአፍ ላይ የታሠረ ነጠላ ወይም ሻሽ ግን ጭጋጉን ይመጥና መርዙን ከአፍንጫ ሥር ያቆየዋል። እየረጩ ጫት መቃም፣ ማጨስና መብላት እንዲሁም የተደፈነ አፍንጫን በአፍ መንፋት መርዙን በቀጥታ መዋጥ ነው።

ንቦች በኦርጋኖፎስፌት በቀላሉ ይሞታሉ። በጌራም ሆነ በሌላው የማር አገር የሚረጭ ገበሬ ለጎረቤቱ ባለ ቀፎ አስቀድሞ ሊነግር፣ ያበበ ሰብልን ሊተው፣ የግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ሊረጭ ይገባል።

ከርጭት በኋላ ምርቱ እስኪሰበሰብ ድረስ መጠበቅ ያለባቸው ቀናት በእሽጉ ላይ ተጽፈዋል። ይህ ትእዛዝ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በጫት ላይ ነው። ጎመን ይታጠባል፣ ይበስላል፤ ጫት ግን ቅጠሉ እንዳለ ይታኘካል። ሸማቹ ማጠቡ ላዩን ይቀንሰዋል እንጂ እንደ ዳይሜቶኤት ወደ ተክሉ ውስጥ የሚሰርገውን አያወጣም። ስለዚህ ቀናቱን የመጠበቅ ኃላፊነት በዋናነት የአምራቹ ነው።

መርጫው የሚታጠበው በማሳው ውስጥ ነው፤ እጣቢውም በተረጨው ሰብል ላይ ይደፋል። በአወቱ፣ በምንጭ ወይም በከብት መጠጫ አጠገብ ማጠብ ዓሣንና ከታች ያለውን ተጠቃሚ ይጎዳል። የርጭት ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠባል። አጣቢዋ ብዙ ጊዜ እናት ወይም ሴት ልጅ በመሆኗ የጓንቱ ነገር እርሷንም ይመለከታል።

ባዶው ጀሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተጨምሮ፣ ተበስቶ ከአገልግሎት ውጭ መሆን አለበት። ውኃ፣ ጠላ፣ ጋዝ ወይም ዘይት ሊያዝበት አይገባም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 በህንድ ቢሃር ግዛት በአንድ ትምህርት ቤት ምሳ የበሉ 23 ሕፃናት ሞተዋል። የምግቡ ዘይት ሞኖክሮቶፎስ በተባለ ኦርጋኖፎስፌት የተበከለ ሲሆን፣ ቀድሞ ፀረ-ተባይ በነበረበት ዕቃ ተቀምጦ እንደነበር ተገልጿል።

መመረዝ ሲደርስ

ምልክቶቹ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ባለው ጊዜ ይታያሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ብዥታ፣ ከመጠን ያለፈ ላብ፣ ምራቅና ዕንባ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መርገብገብና የትንፋሽ ማጠር ዋናዎቹ ናቸው። የረጨ ሰው እነዚህን ሲያይ “ፀሐይ መትቶኝ ነው” ብሎ መተኛት የለበትም።

በመጀመሪያ ተጎጂውን ከቦታው ማራቅ፣ ልብሱን ሁሉ ማውለቅ፣ ገላውንና ፀጉሩን በብዙ ውኃና በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል። ዓይኑን ከነካው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገባል። የሚረዳው ሰውም እጁን መሸፈን አለበት። ራሱን የሳተ በግራ ጎኑ ተኝቶ አፉ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። እንዲያስመልሰው ማስገደድ አደገኛ ነው፤ የነዳጅ ዘር ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። በብዙ ቤት የተለመደው ወተት ማጠጣትም መርዙን አያረክስም፤ ትንታ ሊያመጣና ጊዜ ሊያባክን ግን ይችላል።

ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እሽጉን ወይም የእሽጉን ጽሑፍ ይዞ መሄድ የሐኪሙን ሥራ ያፋጥናል። አትሮፒን የተባለው መድኃኒት የመልእክተኛውን ጩኸት ዝም ያሰኛል፤ ፕራሊዶክሲም ደግሞ የታሰረውን ኢንዛይም በጊዜ ከተሰጠ ሊፈታው ይችላል። ሁለቱም በሐኪም እጅ ብቻ የሚሰጡ ናቸው። ከሁሉም በፊት ግን ትንፋሽን ማገዝ ይቀድማል። ተጎጂው ለጊዜው ቢሻለውም ከቀን እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የመተንፈሻ ጡንቻው እንደገና ሊዝል ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ወደ ቤት መመለስ የለበትም።

አንድ መምታታት እዚህ ላይ መጥራት አለበት። በእህል ጎተራ የሚቀመጠው ፎስቶክሲን የተባለው እንክብል በስሙ ቢቀርብም ኦርጋኖፎስፌት አይደለም። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ አትሮፒንም ሆነ ፕራሊዶክሲም ማርከሻው አይደሉም። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ጨርሶ መቀመጥ የለበትም። ለሐኪም የትኛው እንደሆነ በትክክል መንገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከመርጨት በፊት ያለው ሥራ

ኬሚካል የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በበቆሎ ማሳ በየጊዜው እየተዘዋወሩ የመጤ ተምችን እንቁላልና ትል መልቀምና መጨፍለቅ፣ በአንድ ወቅት መዝራት፣ አረምን መንቀል ተባዩ ሳይበዛ ይቀንሱታል። ለጎተራ ደግሞ እህሉን በደንብ አድርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ማሰር ነቀዝን ያለ ኬሚካል አፍኖ ይገድላል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ተባዩን ለይቶ፣ መርጨት አስፈላጊ መሆን አለመሆኑንና የትኛው ኬሚካል እንደሚገባው ለመምከር የተመደበ ባለሙያ ነው።

የቡና እሸት ለቀማ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ሊሠራው የሚገባ የአንድ ቀን ሥራ አለ። ጀንፈል የሚቀመጥበት ክፍል ተፈትሾ ጀሪካኑ፣ መርጫውና የርጭቱ ልብስ ይወጣሉ፤ ፈሳሽ የነካው ጆንያ ከቡና ጆንያዎች ይለያል፤ ስሙ የማይነበብ ወይም ዘመኑ ያለፈ ኬሚካል ወንዝ ውስጥ ሳይደፋ፣ ሳይቀበርና ሳይቃጠል ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይመለከታል። የቡና ማኅበራትም ቡና ከመረከባቸው በፊት የአባሎቻቸውን ማከማቻ በዚሁ ዓይን ቢያዩ፣ አንድ ጆንያ የብዙ ቤተሰብን የዓመት ድካም እንዳያበላሽ አስቀድመው ይከላከላሉ።